ጠጅ በቤት ስለ መጣል

ለዓመት በዓልም ሆነ ለሠርግ፣ ለክርስትናም ሆነ ለማኅበር ዝክር የሚቀርበው ጠጅ ከጠጅ ቤት በጄሪካን እየተሞላ መምጣት ከጀመረ ወዲህ፣ ከአያት ወደ እናት፣ ከእናትም ወደ ልጅ በጓዳ ውስጥ ሲወራረስ የኖረው የአጣጣሉ ሙያ በብዙ ቤት ተዘንግቷል፤ የሚያሳዝነውም ሙያው አስቸጋሪ ሆኖ ሳይሆን፣ አስቸጋሪ ነው ተብሎ ስለ ተፈራ ብቻ መዘንጋቱ ነው። እንጀራ መጋገር የሚሻውን የእጅ ብልኀት፣ ዶሮ መበለት የሚሻውን ጥንቃቄ ያህል እንኳ ጠጅ መጣል አይሻም። ጥሩ ማር የመረጠ፣ ዕቃውን አጥቦ ያጠነ፣ ከዚያም በኋላ እጁን ሰብስቦ መቆየት የሚችል ሰው ሁሉ ጠጅ ይጥላል፤ በማሩ የሳሳ፣ በዕቃው ቸል ያለ፣ ጊዜውንም ያልታገሠ ግን ምንም ቢደክም ጣፋጭ ውሃ ወይም ኮምጣጤ እንጂ ጠጅ አያገኝም።

መጠጡ በአገራችን የቆየ ለመሆኑ ብዙ ምስክር መጥራት አያስፈልግም። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል አገር የመጣውና ስድስት ዓመት ያህል የተቀመጠው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጻፈው የጉዞ ታሪክ ውስጥ የማር ወይን እያለ ደጋግሞ ያነሣዋል። ማር በጉንዶ እየተለካ ለነገሥታቱና ለመኳንንቱ በግብር ይገባ ስለ ነበረ፣ ጠጁም በጠጅ ጣዮችና በጠጅ አሳላፊዎች እጅ በየአዳራሹ ተወስኖ ይኖር ነበረ፤ ባላገሩ ግን በጠላው ይረካ ነበር። ዛሬ የቀረው ገደብ የማሩ ዋጋ ብቻ ነው።

ስለ ማሩ

ገንዘብም ሐሳብም አብልጦ የሚወጣው በማሩ ላይ ነውና ከዚሁ ልጀምር። ማር በአገራችን እንደ አበባውና እንደ ምድሩ መልኩም ጣዕሙም ይለያያል፤ የትግራይና የላስታ ነጭ ማር አለ፣ ከኑግና ከአደይ አበባ የሚቀሰመው የጎጃም ቢጫ ማር አለ፣ ከከፋ፣ ከሸካና ከባሌ ደን የሚወጣውም የጫካ ማር አለ። ነጩ ማር በእንጀራ ወይም በዳቦ ለመብላት ተወዳዳሪ ባይገኝለትም፣ ለጠጅ ሲሆን መዓዛው ለስላሳ ስለሆነ ጌሾው ያሸንፈዋል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጥል ሰው ቢጫውን ወይም ቀላ ያለውን ማር፣ ያውም ከነሰፈፉ ያለውን፣ እንዲመርጥ እመክራለሁ። ሰፈፉ፣ የአበባው ብናኝ፣ አልፎ አልፎም የሞተች ንብ ያለበት ማር ለዐይን ባያምርም፣ ለጠጅ የሚያስፈልገው ሕይወት ያለው ነገር በዚያ ውስጥ ነው፤ ተሞቆና ተጣርቶ በጠርሙስ የታሸገው ማር ግን ያንን ሕይወት በሙቀቱ አጥቷል።

ማሩ ከሚቆረጥበት ወራት ዋነኞቹ ጥቅምትና ኅዳር ናቸው፤ ክረምቱ አልፎ ምድሩ በአበባ ከተሸፈነ በኋላ ማለት ነው። ሁለተኛው ቆረጣ በብዙ አገር በግንቦትና በሰኔ ይውላል። በነዚህ ወራት ጉዳይም ሆነ ጉብኝት ወደ ገጠር ያወጣዎት እንደ ሆነ፣ ባዶ የፕላስቲክ ባልዲ ከነክዳኑ በመኪናዎ ውስጥ ማኖርን አይርሱ፤ ከገበያ ተገዝቶ በራስ እጅ የመጣ ማር ጠጁ ገና ሳይጣል የሚገኝ አንድ ደስታ ነውና። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሊሳለም የሄደ ሰው የቅዳሜውን ገበያ ሳያይ ባይመለስ መልካም ነው፤ ንጉሡ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደ ከበቡት በሚነገርባት ከተማ ማር መግዛት ከበረከትም ይቆጠራል። ብቻ ያን ነጭ ማር ለማዕድ አኑረው፣ ለጠጁ ሌላውን ቢፈልጉ ይሻላል።

ሲገዙ ቀምሰው ይግዙ። ማሩ ምላስ ላይ ሲደርስ ጉሮሮ የሚነካ፣ ጣፋጭነቱም ቶሎ የማይጠፋ፣ የአበባ ሽታ ያለው ይሁን። የረጋ ማር የተበላሸ አይደለም፤ እንዲያውም በደጋ ብርድ መርጋት የብዙ ጥሩ ማር ጠባይ ነው። በጥፍር ላይ ማንጠብ፣ ክብሪት ነክሮ መጫር የሚባሉት ፈተናዎች በማሩ ውስጥ ያለውን የውሃ ብዛት ይጠቁሙ እንደ ሆነ እንጂ ስኳር የተቀላቀለበት መሆን አለመሆኑን አያስረዱም፤ ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ሻጩን ማወቅ ነው። ማር ተወደደ ብሎ ግማሹን በስኳር ለመተካት የሚያስብ ቢኖር ሐሳቡን ይተው፤ ስኳር ተበጥብጦ መፍላቱና ማስከሩ እውነት ነው፣ ነገር ግን የአበባው መዓዛ ከወዴት ይመጣል? የማሩ ገንዘብ ካነሰ ጠጁን ጥቂት አድርጎ መጣል እንጂ በስኳር ማብዛት የሙያው ወግ አይደለም።

ለመጀመሪያው ጠጅ መጠኑ እንዲህ ይሁን። ሦስት ሊትር ንጹሕ ማር፣ ይኸውም በሚዛን 4 ኪሎ ከ200 ግራም ያህል፣ ለ12 ሊትር ውሃ፤ ማሩ ከነሰፈፉ ከሆነ ሰፈፉ የሚወስደውን ለማካካስ እስከ 5 ኪሎ ይግዙ። ይህ አንዱ የማር ልክ ለአራት የውሃ ልክ ነው። አንድ ለሦስት ቢያደርጉት ጠጁ ከበድ ይላል፣ ለመድረስም ይዘገያል፤ አንድ ለአምስት ቢያደርጉት ቀለል ብሎ ቶሎ ይደርሳል፣ ግን ቶሎ ይቆመጥጣል።

ስለ ጋኑና ስለ ጢሱ

ከላይ የተባለው ልክ 15 ሊትር ያህል ይሆናልና፣ አረፋ የሚነሣበትን ቦታ ጨምሮ 20 ሊትር የሚይዝ እንስራ ወይም ትንሽ ጋን ያስፈልጋል። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ የሚባለው ለሸክላም ይሠራልና፣ ሲገዙ በጣትዎ ቢያንኳኩት ድምፁ ጥርት ያለ ይሁን፤ የደነቆረ ድምፅ ያለው ስንጥቅ አለበት። አዲስ ሸክላ ከገበያ እንደ መጣ ጠጅ አይጣልበትም፤ አስቀድሞ መሟሸት አለበት። ውሃ ሞልተው አንድ ሌሊት ያሳድሩት፣ በማግሥቱ ያፍሱት፤ የጭቃው ጣዕም ከውሃው ላይ እስኪጠፋ ድረስ ይህን ይመላልሱ፤ በመጨረሻም ጌሾ የተቀቀለበት ውሃ ሞልተው አንድ ሁለት ቀን ቢያቆዩበት የሸክላው ውስጥ የጌሾውን ጠረን ይለምዳል።

አሮጌም ሆነ አዲስ፣ ዕቃው ጠጅ በሚጣልበት ዋዜማ በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ይታጠባል። ግራዋ መራራ ቅጠል ነው፤ እያሸ ያጥባል፣ ሽታም ያጠፋል፣ እንደ ሳሙና ያለ ጠረን ግን ትቶ አይሄድም። ካጠቡት በኋላ ደጋግመው በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው ያድርቁት።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ብዙ ሰው በከተማ ኑሮ ምክንያት የሚዘለው ነው፤ እኔ ግን ከሙያው ሁሉ የማከብረው ይህን ነው፣ ይኸውም ማጠን ነው። የደረቀ ወይራ ተፈልጦ በጥቂት ፍም ላይ ይደረጋል፤ ነበልባሉ ጠፍቶ ነጭ ጢስ መውጣት ሲጀምር ጋኑ አፉ ወደ ታች ሆኖ በጢሱ ላይ ይደፋል፣ ጢሱም በውስጡ ተጠምዝዞ እስኪጠግበው ድረስ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይቆያል። የወይራ ጢስ ሁለት ነገር ይሠራል፤ አንደኛ በሸክላው ቀዳዳ ውስጥ ተሸሽጎ የቀረውን የሚያቆመጥጥና የሚያሻግት ረቂቅ ተሕዋስ ያዳክማል፣ ሁለተኛም ለጠጁ በምንም ቅመም የማይገኝ ጠረን ይሰጠዋል። ጢሱ ሲበዛ ግን ጠጁ የተቃጠለ እንጨት ይላልና፣ ጋኑን ገልብጠው ሲያሸቱት ጠረኑ ዕጣን ያስታውስዎ እንጂ ዐይንዎን አይብላ። እንደ ታጠነም ወዲያው ይከደናል።

ክዳን የሚሆነው ነገር ራሱ አንድ የእጅ ሥራ ነው። ስንደዶውንና አክርማውን ነክረው ማለስለስ፣ በወስፌ እየወጉ ዙሩን እያሰፉ መስፋት ለሚያውቅ ሰው፣ ለጋኑ አፍ ልክ የሆነ ክዳን በጥቂት ምሽት ይደርሳል፤ ለማያውቅም ለመጀመሪያ የስፌት ትምህርት ከመሶብ ይልቅ ይህ ይቀለዋል። የስፌት ክዳን ከሥሩ በታጠፈ ነጭ ጨርቅ ሲታገዝ ትንኝና አቧራ አያስገባም፣ ከሚፈላው ጠጅ የሚወጣውን አየር ግን አያፍንም፤ ይህም ኋላ እንደምናየው ታላቅ ቁም ነገር ነው።

ስለ ጌሾው

ጌሾ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይሸጣል፣ ቅጠሉና እንጨቱ። በአብዛኛው ቅጠሉ ተወቅጦ ለጠላ፣ እንጨቱ ተቆራርጦ ለጠጅ ይውላል። የሥነ ዕፀዋት ሊቃውንት ራምነስ ፕሪኖይደስ የሚሉት ይህ ዛፍ መራራነቱን ያገኘው ጌሾይዲን ከተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ በቅርፊቱም ላይ ማሩን የሚያፈላው እርሾ አብሮ ይመጣል። ለ15 ሊትር ከ200 እስከ 300 ግራም የሚሆን የጌሾ እንጨት ይበቃል። እንጨቱን የጣት ርዝመት እያደረጉ ይቆርጡታል፣ አቧራውን ብቻ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርገው ያጥቡታል፤ በሙቅ ውሃ አያጥቡት፣ የሚፈልጉትን እርሾ ይገድሉታልና።

አጣጣሉ

ጠጅ የሚጣልበትን ቀን ከሚጠጣበት ቀን ወደ ኋላ ቆጥሮ መወሰን ነው። በደጋ አገር፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ፣ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ በቆላ ሙቀት ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ለፋሲካ የሚጠጣ ጠጅ በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት ሰንበት ሰሞን ቢጣል፣ እስከ ትንሣኤው አራት ሳምንት ስለሚያገኝ ጊዜው የተመቸ ነው። እኔም ከዚህ በታች የምናገረውን በዚሁ ቀመር አስኬደዋለሁ።

በመጀመሪያው ቀን፣ ማለት በደብረ ዘይት ማግሥት ሰኞ፣ ውሃው ለብ ይላል፤ እጅ ቢገባበት ሙቀቱ የማይሰማ ያህል ይሁን እንጂ ከዚያ አይለፍ። ማሩ በሰፊ ሳፋ ውስጥ ተደርጎ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ በንጹሕ እጅ ይበጠበጣል፤ ከነሰፈፉ የሆነ ማር እንደ ሆነ ሰፈፉን በእጅ ጨምቀው ጨምቀው ማሩን ሁሉ ለውሃው ያስረክቡታል። ማሩን ከውሃው ጋር አፍልቶ መጣል የሚወዱ አሉ፤ እንዲህ ሲደረግ ብርዙ ይጠራል፣ ጠጁም ደስ የሚል መልክ ይኖረዋል፤ ነገር ግን መዓዛው በእንፋሎት ይሄዳል፣ እርሾውም በእሳቱ ይሞታልና እኔ አልመክረውም። የተበጠበጠው ብርዝ በታጠነው ጋን ውስጥ ይገለበጣል፤ ጨርቁና ክዳኑ ይደረግበታል፤ ብርድ በማይደርስበት የጓዳ ጥግ ይቀመጣል። ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው፤ ሌሊቱ የሚበርድ ከሆነ ጋኑን አሮጌ ጋቢ ያልብሱት።

ማር በራሱ ለዓመታት ሳይፈላ የሚኖረው በውስጡ ያለው ውሃ ከመቶ 20 እጅ በታች ስለሆነ፣ እርሾው በጣፋጭነቱ ብዛት ታስሮ ነው። ውሃው ሲጨመርበት ግን እስራቱ ይፈታል፤ እርሾው የማሩን ስኳር እየበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ይፈጥራል። ስለዚህ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጆሮዎን ወደ ጋኑ ቢያስጠጉ ስስ የሆነ የመፍላት ድምፅ ይሰማሉ፤ ክዳኑንም ቢያነሡ ሰፈፉና ብናኙ በላዩ ተንሳፎ ያገኙታል። ያንን በማጥለያ ገፍፈው ያውጡ፤ ሰፈፉን ግን አይጣሉት፣ ኋላ እንመለስበታለን።

በዕለተ ረቡዕ፣ ማለት በሦስተኛው ቀን፣ ጌሾው ይገባል። በዚህ ላይ የባለሙያዎች አሠራር ይለያያል፤ አንዳንዱ ጌሾውን ጥሬውን ይጨምራል፣ አንዳንዱ ከብርዙ ቀንሶ ጌሾውን በዚያ አፍልቶ ይመልሳል። እኔ የምመርጠው ሁለቱን ማጣመር ነው። ከብርዙ ሁለት ሊትር ያህል ቀድተው በድስት ውስጥ ከጌሾው እኩሌታ ጋር በለዘብተኛ እሳት ሩብ ሰዓት ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ያፍሉት፤ ምሬቱና ቀለሙ በዚህ ይወጣል። ፈጽሞ ከበረደ በኋላ ከነጌሾው ወደ ጋኑ ይመልሱት፣ የቀረውንም እኩሌታ ጥሬውን አብረው ይጨምሩ፤ እርሾው ከዚህኛው ይመጣል። ገና እየሞቀ መገልበጥ ግን ሦስት ቀን የተደከመበትን ማጥፋት ነው።

ከዚህ በኋላ በየማለዳው ክዳኑን አንሥተው በታጠበ የእንጨት ማማሰያ አንድ ጊዜ አማስለው ይክደኑት፤ የተንሳፈፈው ጌሾ ሳይሰምጥ ከላይ ደርቆ ቢከርም ሻጋታ ይይዛልና። አረፋው ወፍራምና ነጭ ሆኖ ይነሣል፤ አንዳንድ ጊዜም ከአፉ ይፈሳል፣ ይህ የጥሩ ማር ምልክት ነው። ክዳኑን በጭቃ መምረግ ወይም የሚጠብቅ ክዳን ማሰር በዚህ ጊዜ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ መውጫ ያጣው አየር ሸክላውን ይሰነጥቃል፣ ብርጭቆ ከሆነም ይፈነዳል። ከማማሰል በቀር ሌላ ሥራ የለም፤ ዐሥር ጊዜ እየከፈቱ መቅመስ፣ ማር መጨመር፣ ውሃ መጨመር፣ ቦታ መለወጥ የጀማሪ ጭንቀት እንጂ ለጠጁ የሚጠቅም አይደለም።

የመጀመሪያው የመቅመሻ ቀን የኒቆዲሞስ ሰንበት ቢሆን ይበቃል፤ ጌሾው ከገባ ዐሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። ጠጁ በዚህ ጊዜ ደፍርሶ፣ ጣፋጭነቱ ከሦስት አንዱ ያህል ቀርቶ፣ የጌሾው ምሬት ከምላስ ሥር ይሰማል። ምሬቱ ከበቃዎ ጌሾውን ያውጡት፤ ካልበቃዎ ሁለት ሦስት ቀን ይጨምሩለት፤ ከዚያ በላይ ግን እንጨት እንጨት ይላል። ጌሾው ከወጣ በኋላ አረፋው ይቀዘቅዛል፣ ማማሰሉም ይቆማል፤ ክዳኑ ካሁን በፊት ከነበረው ጠበቅ ተደርጎ፣ ሆኖም ሳይታሸግ፣ ጋኑ ሳይነቃነቅ እስከ ሰሙነ ሕማማት ይተዋል። በዚህ ዝምታ ውስጥ አንቡላው ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ጠጁም ከላይ እየጠራ ይወርዳል።

ችግር ቢገጥም መፍትሔው አጭር ነው። በአራተኛው ቀን ምንም አረፋ ካላዩ ወይ ብርድ ነው ወይ ማሩ የሞተ ነው፤ ጋኑን ያሙቁት፣ ካልሆነም ከጥሩ ጠጅ የተገኘ አንድ ኩባያ አንቡላ፣ እርሱም ከታጣ ከዳቦ እርሾ ቁንጥር ያህል ይጨምሩበት። በላዩ ስስ ነጭ ሽፋን ቢታይ ገፍፎ መቀጠል ይቻላል፤ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ያወጣ ግን ሁሉም ይደፋ። የቆመጠጠ ጠጅ አይመለስም፤ ስኳር ጨምሮ ለእንግዳ ከማቅረብ ይልቅ በጠርሙስ አድርጎ ለሰላጣ ኮምጣጤ ማድረግ ይገባል።

ማጥለሉና ማቅረቡ

በቀዳም ሥዑር ማለዳ፣ ወጡ ገና ሳይጣድ፣ ጠጁ ይጠለላል። ታጥቦና ፈልቶ የደረቀ ነጭ ሻሽ ሁለት ተደርቦ በንጹሕ ዕቃ አፍ ላይ ይወጠራል፤ ጠጁም ከላይ ከላይ በቀስታ እየተቀዳ ያልፍበታል። ጋኑን አጋድሎ መገልበጥ አንቡላውን ያነሣዋልና አይቸኩሉ፤ የመጨረሻውን አንድ ሁለት ሊትር ለብቻው አጥልሎ ለቤተ ሰብ ማቆየት ይሻላል። የተጠለለው በጠርሙስ ሲገባ እስከ አፉ አይሞላ፣ ክዳኑም በየቀኑ ላላ ይደረግ፤ ሙሉ ለሙሉ ያልጨረሰ ጠጅ በጠርሙስም ውስጥ መፍላቱን አያቆምምና። በቀዝቃዛ ቦታ ሳምንታት ይቆያል፤ እየቆየም ከለስላሳ ወደ መካከለኛ፣ ከመካከለኛም ወደ ደረቅ ይሄዳል። ለስላሳው ጣፋጭነት ያለበት፣ ደረቁም ማሩ ሁሉ ተበልቶ ያለቀበት ነው። ጣዕሙ ማር ማር ስለሚል ብቻ ደካማ የሚመስላቸው ይታለላሉ፤ የደረሰ ጠጅ የአልኮሉ መጠን በአብዛኛው ከመቶ ከ7 እስከ 11 ይሆናል፣ ከተራ ቢራም በግልጽ ይበልጣል።

በብርሌ ይቅረብ። የብርሌው አንገት ጠባብ መሆኑ መዓዛውን ይሰበስባል፣ ዝንብም አያስገባም፤ ከብርጭቆ ሲጠጣ ጠጁ ያው ሆኖ ሳለ ግማሹ እንደ ጎደለበት ይሰማኛል። የቀድሞ አሳላፊዎች ከመቅዳታቸው በፊት ጥቂት በመዳፋቸው አፍስሰው ይቀምሱ ነበር፤ ሥርዓቱ ለእንግዳው ዋስትና ሲሆን፣ ለአስተናጋጁም የጠጁን ሁኔታ የሚያሳውቅ ስለሆነ ዛሬም ቢደረግ አያስነውርም። ከዶሮ ወጥና ከክትፎ ጋር ደረቁ፣ ከጥብስ ጋር መካከለኛው ይስማማል።

አልኮል ለማይጠጡ እንግዶችና ለልጆች ብርዝ ይዘጋጃል፤ በብዙ ሙስሊም ቤተ ሰብም የበዓል መጠጥ ነው። አሠራሩ ጌሾ የሌለበት የማር ብጥብጥ ሲሆን፣ በተበጠበጠበት ቀን ተጠልሎና ቀዝቅዞ መጠጣት አለበት፤ ሁለት ሦስት ቀን ውጭ ያደረ ብርዝ መፍላት ይጀምራልና ለዚህ ጉዳይ አይሆንም።

በባዕድ አገር ለሚኖሩም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢና በሌሎችም ኢትዮጵያውያን በበዙባቸው ከተሞች ባሉት የሐበሻ ሱቆች የጌሾ እንጨት ታሽጎ ይሸጣል፤ ማሩ ግን ያልተሞቀ ጥሬ ማር መሆኑ በማሸጊያው ላይ ተጽፎ ይታይ። ጋን ባይኖር ሰፊ አፍ ያለው የብርጭቆ ወይም ለምግብ የተፈቀደ የፕላስቲክ ዕቃ ያገለግላል፤ ማጠኑ ቢቀር መዓዛው ይቀንሳል እንጂ ጠጁ አይበላሽም። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን የሚሸት ከሆነ አፍልተው ያቀዝቅዙት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት አንድ አዋቂ ለራሱ መጠጫ በዓመት እስከ 100 ጋሎን በቤቱ ሊጥል ይችላል፣ መሸጥ ግን አይፈቀድለትም፤ የየክፍለ ግዛቱንም ሕግ ማየት ያሻል። በሳዑዲ ዐረቢያና በኩዌት ላሉ ወገኖቻችን ግን የአገሩ ሕግ የተለየ ነውና በብርዙ እንዲወሰኑ በብርቱ እመክራለሁ።

አሁን ወደ ሰፈፉ እንመለስ። የተሰበሰበው ሰፈፍ በማሰሮ ውሃ ውስጥ ተደርጎ በለስላሳ እሳት ሲቀልጥ በጨርቅ ተጨምቆ ይጣራል፤ ውሃው ሲበርድ ሰሙ ከላዩ እንደ ቂጣ ረግቶ ይገኛል፣ ቆሻሻው ከሥሩ ይፋቃል። ከጥጥ ፈትል ክር አክርረው በቀለጠው ሰም ውስጥ እየነከሩና እያደረቁ፣ ደግመውም እየነከሩ ቢሄዱ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ጧፍ ይወጣዋል። ከአንቡላው አንድ ጠርሙስ ያህል በቀዝቃዛ ቦታ ለሚቀጥለው ጠጅ ይቀመጣል፤ የቀረውን ለአረቄ ማውጣት የሚያስቡ ቢኖሩ፣ ያ ሌላ ሙያ ነው፣ በቤት ጓዳ ውስጥም የእሳት አደጋ ያለበት ሥራ ነውና ይተዉት። ጋኑን ባዶ በሆነበት ዕለት ለብ ባለ ውሃና በግራዋ ብቻ አጥበው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ አፉን ወደ ታች ደፍተው ያስቀምጡት፤ ሳሙና አይንካው፣ ሸክላ የጠጣውን ሽታ ለሚቀጥለው ጠጅ ያስተላልፋልና።